ቤቴን አስረክቤ ስሜን የጠየቅሁበት ዓመት

እዚህ ደብረ ብርሃን ያለነው ማኅበርተኞች አምስት ሴቶች ነን። አራቱ ይፈትላሉ፣ እኔ ደግሞ የበግ ጠጉር እመርጣለሁ። ከመንዝ፣ ከሰላ ድንጋይ፣ ከየገበያው በኬሻ ተጠቅጥቆ የሚመጣውን ጠጉር ፈትቼ ጥቁሩን ከቡናማው፣ ረጅሙን ከአጭሩ፣ የጠቦቱን ከአሮጌው በግ እለያለሁ። ባና፣ ማለቴ የጠጉር ብርድ ልብሱ፣ የሚለሰልሰው ወይም የሚኮሰኩሰው ሸማኔው ጋ ሳይሆን እኔ ጋ ነው። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ እኔ ያላየሁትን ባና ለብሰው ሲያክኩ ደግሞ እኔ እስቅባቸዋለሁ።

አምና ከፋሲካ በኋላ ጠጉር የሚነድፍ ማሽን ለመግዛት ተነሣን። በእጅ ስንነድፍ ለአንድ ባና የሚበቃ ጠጉር ቀኑን ሙሉ ይዞን ይውላል፤ ትከሻችንም አልቋል። ገንዘቡ ስላልነበረን አምስታችንም መታወቂያችንን ይዘን ለማኅበራት አነስተኛ ብድር ወደሚሰጥ ቢሮ ሄድን። የብድር ሠራተኛው ረጋ ያለ ልጅ ነው። የእያንዳንዳችንን መታወቂያ እየተቀበለ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ። አራቱ አለፉ። እኔ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

“እማማ፣ ከዚህ በፊት ከባንክ ተበድረው ያውቃሉ?”

“ተበድሬ ዘግቻለሁ።”

“እዚህ ላይ ግን የተበላሸ ብድር ይላል።”

“ምኑ ነው የተበላሸው? እኔ የሰጠኋቸው ቤት ነው። ቲማቲም አልሰጠኋቸው!”

ሴቶቹ ሳቁ። ልጁም ፈገግ አለና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ስሜን ለማንበብ ያንን ያህል አያስፈልግም። የእኔና የአባቴ ስም ተጽፎ ከጎኑ ቀይ ምልክት ነበረበት።

“አበዳሪዎች ሁሉ የሚያዩት አንድ መዝገብ አለ” አለኝ። “አንዱ ባንክ የጻፈውን ሌላው ያነበዋል። የትም ቢሄዱ ይሄው ነው የሚወጣው። የማኅበር ብድር ደግሞ የአንዷ ስም ከተበላሸ ለሁሉም አይፈቀድም። በጀቱ ሰኔ ላይ ይዘጋል። እስከዚያ ወይ ይህን አስተካክለው ይምጡ፣ ወይ ማኅበሩ በእርስዎ ቦታ ሌላ ሰው ይተካ።”

ከቢሮው እንደወጣን የሁላችንም ታናሽ የሆነችው ፈታይ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

“እትዬ፣ ለጊዜው በልጅሽ ስም ብናደርገውስ? ሥራሽ አይቋረጥም። ስምሽ ብቻ ነው የሚወጣው።”

“ስሜ ብቻ!”

“እንዲያው ለአሠራሩ ብዬ ነው።”

“ልጄ ጠጉር ነክታ አታውቅም። ስሟ ገብቶ የእኔ የሚወጣው ምን አጥፍቼ ነው? ዕዳ ካለብኝ አስወጡኝ። ከሌለብኝ ግን ማንም አያስወጣኝም። እስከ ሰኔ ጠብቁኝ።”

እንጠብቃለን አሉ፤ ግን እርስ በርሳቸው ተያይተው ነው ያሉት። ለእነሱ ማሽኑ ነበር የሚታያቸው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ ድረስ ያንን ቀይ ምልክት እያየሁ ነው የሄድኩት።

ቤት ስል የተከራየኋትን አንድ ክፍል ማለቴ ነው። የራሴ ቤት የነበረውን ከባለቤቴ ጋር ነው የሠራነው። ድንጋዩን በአህያ አስመጥተን፣ ጣሪያውን በሁለተኛው ዓመት አልብሰን፣ ሦስት ክፍልና ሰፊ ግቢ አወጣን። እሱ ካረፈ በኋላ ግቢው ውስጥ የባና መሸመኛ ልከፍት አስቤ ቤቱን መያዣ አድርጌ ከባንክ ተበደርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳላጓድል ከፈልኩ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ጠጉሩ ከመንዝ መውረድ አቆመ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ገዢዎችም ቀሩ። ሸማኔዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አራት ወር መክፈል አቃተኝ። አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ሁለተኛ መጣ። ከሦስተኛው በኋላ የሐራጅ ማስታወቂያ በር ላይ እንደሚለጠፍ አውቃለሁ፤ በሰው በር ላይ ተለጥፎ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሲያነበው አይቻለሁ።

ልጄ “ሽማግሌ ልከሽ ጊዜ ለምኚ” አለችኝ። ሽማግሌ ላክሁ፤ ግን ለልመና አይደለም። በእኛ አገር አንድ ሰው መሬትም ይሁን ከብት ስለ ዕዳው ሲያስረክብ ሦስት ሽማግሌ ፊት ያስረክባል። ተቀባዩ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ሽማግሌው ይመርቃል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ከምርቃት በኋላ ያንን ነገር የሚያነሣ ሰው የለም። ስለዚህ የንስሐ አባቴን፣ ጎረቤቴን ጡረተኛ መምህርና ዘመኔን ሁሉ ባና ይገዙኝ የነበሩትን የአሊዩ አምባውን ነጋዴ፣ ሐጂን፣ ይዤ ባንኩ ቅርንጫፍ ሄድኩ።

“ቤቴ ከዕዳዬ ይበልጣል እንጂ አያንስም። እንካችሁ” ብዬ ቁልፉን ዘረጋሁ።

ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነበሩ። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። የንስሐ አባቴ “ዕዳሽን ይዝጋልሽ፣ ቤቱን ለተቀባዩ ያርግለት” ብለው መረቁ። ሁላችንም አሜን አልን፤ ሥራ አስኪያጁም አሜን ብለዋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቄሱ መርቀው አፋቸውን ሳይገጥሙ “በሉ ፈርሙልኝ” ማለት ቄሱን ውሸታም ማለት መሰለኝና ተውኩት። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። አላለቀስኩም። ቤቱ ሄደ፣ ዕዳው ሄደ፣ ስሜ ቀረልኝ ብዬ ነው ሦስት ዓመት የኖርኩት።

እንግዲህ ወደዚያው ባንክ ተመለስኩ። ቁልፉን የተቀበሉኝ ሥራ አስኪያጅ ተዛውረዋል። የብድር ክፍሏ ሠራተኛ መነጽር ያደረገች ቀጭን ልጅ ናት፤ ፋይሌን አስወጥታ ገለጠችው።

“እማማ፣ ቁልፉን የሰጡት በጥቅምት ነው። ቤቱ በሐራጅ የተሸጠው በሰኔ ነው። በመካከሉ ስምንት ወር ወለድና ቅጣት ተቆጥሯል። የቤቱ ዋጋ እሱን ሁሉ አልሸፈነም። ትንሽ ቀርቷል፤ ያ ስላልተከፈለ ነው ብድሩ ያልተዘጋው።”

“ስምንት ወር እኔ የት ነበርኩ? ቤቱ ውስጥ ነበርኩ?”

“አልነበሩም።”

“ታዲያ ሰው በሌለበት ቤት በማን ላይ ነው ወለድ የሚወልደው?”

ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች። “ቁልፍ መስጠት ዕዳ መዝጋት አይደለም። ባንኩ ‘ቤቱን ስለ ዕዳው ተረክቤያለሁ’ የሚል ውል መፈረም ነበረበት። እሱ ከሌለ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ዕዳው የእርስዎ ነው።”

“ሦስት ሽማግሌ ነበረ እኮ!”

“ሽማግሌ ሲስተሙ ላይ አይገባም፣ እማማ።”

ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም አፍራ ነው። ለተዛወሩት ሥራ አስኪያጅም እዚያው ስልክ ደወለችላቸው። “ቁልፉን መቀበሌን አስታውሳለሁ፤ ግን ንብረቱ እንዳይጎዳ ለጥበቃ ነው እንጂ ዕዳውን ለመዝጋት አልነበረም” አሉ። ያ ጨዋ ሰው! አሜን ያሉትን ግን አላስታወሱም።

ቀረ የተባለው ገንዘብ አሥራ ሁለት ባና የሚያወጣ ነው። ልጄ ስትሰማ “ይሄ ነው? እኔ ልክፈልና ይልቀቅሽ” አለች። ለእሷ ቀላል ነበር። እኔ ግን ከከፈልኩ ያ ስምንት ወር ዕዳዬ ነበር ብዬ ማመኔ ነው። ያልበላሁትን መክፈል አልችልም፤ ጉሮሮዬ አይቀበለውም። ልጄ “ግትር ነሽ” አለችኝ። ነኝ። ግትር ባልሆን ኖሮ እሷንም አላስተምራትም ነበር።

የባንኳ ልጅ አንድ ነገር ነግራኛለች። ባንኩ ቁልፉን ከሰጠሁበት ቀን ጀምሮ ቤቱን ስለ ዕዳው መረከቡን የሚያሳይ ማንኛውም ወረቀት ካገኘሁ አቤቱታ ጽፌ ሕግ ክፍሉ እንዲያየው ታደርጋለች። ቃል አይበቃም፤ ወረቀት። መምህሩ አርፈዋል። የንስሐ አባቴ አልጋ ላይ ናቸው፤ እኔንም በድምፄ ነው የሚለዩኝ። የቀሩት ሐጂ ናቸው።

በግንቦት መጀመሪያ፣ በአሊዩ አምባ የገበያ ቀን፣ ወደ አንኮበር በሚሄደው መኪና ተሳፈርኩ። ጎረቤላ ላይ ወርጄ ሌላ መኪና ስጠብቅ ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ይታገለኝ ነበር። ቁልቁለቱን መውረድ ስንጀምር ግን መጀመሪያ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ከዚያ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩ፤ አሊዩ አምባ ስደርስ በላብ ርሼ ነበር። ሐጂ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ማሽላ ሻጭ ጋር ይከራከራሉ። ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

“አንቺ ሴትዮ! የባና ሒሳብ የቀረብኝ መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለች!”

“ቢቀርብዎትማ እስከዛሬ እተውዎታለሁ?”

“አትተይኝም፤ አውቅሽ የለም ወይ! ግቢ፣ ውኃ ጠጪ።”

ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጢማቸውን እየጎተቱ ሰሙኝ። “ምርቃቱን አስታውሳለሁ። ሥራ አስኪያጁ አሜን ማለቱንም አስታውሳለሁ። ግን እሱ ምን ያደርግልሻል? እኔ ይበልጥ የማስታውሰው ዘበኛውን ነው” አሉ።

“የትኛውን ዘበኛ?”

“አንቺ ወጥተሽ ሄደሻል። ሥራ አስኪያጁ አንዱን ዘበኛ ጠርቶ ‘ከዛሬ ጀምሮ ያንን ቤት ትጠብቃለህ’ አለው። ዘበኛው ደግሞ ‘ባዶ ቤት በጥቅምት ብርድ ያለ ልብስ አልጠብቅም’ ብሎ ክችች አለ። እኔ ጠዋት ካንቺ የገዛኋቸውን፣ ሳይሸጡ የቀሩብሽን ባናዎች ተሸክሜያለሁ። አንዱን እዚያው ሸጥኩለት።”

“ለዘበኛው?”

“ለባንኩ! ዘበኛውማ ምን ገንዘብ አለው? ሒሳብ ያዧ ደግሞ ደረሰኝ ካልተቆረጠ፣ ምክንያቱም ካልተጻፈበት አልከፍልም ብላ ቁም ስቅሌን አሳየችኝ። የደረሰኜ ጥራዝ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቃል በቃል ነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩ።”

“ምን ብለው ጻፉ?”

“ይሄን ሁሉ ዓመት የቆረጥኩትን በቃሌ የምይዝ መሰለሽ?”

ከሱቁ ኋላ ካለው ሣጥን ጥራዝ በጥራዝ እያወጡ ማገላበጥ ጀመሩ። ገበያተኛው ደጃፍ ላይ “ሐጂ፣ ጨው! ሐጂ፣ ሳሙና!” ይላል። እሳቸው “ሳሙናው አይሸሽም፣ ቆዩ!” ይላሉ። እኔም አብሬ አገላበጥኩ። ብርበሬ፣ ጨው፣ ገመድ፣ ፋኖስ። ጣቴ በካርቦኑ ጠቆረ። አንዱን ጥራዝ አይጥ ከጥግ በልቶታል፤ ይሄኔ የእኔን ቀን በልቶት ይሆናል ብዬ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለጥኩ።

ያገኙት እሳቸው ናቸው። በሰማያዊ ካርቦን፣ በእጅ ጽሕፈታቸው፣ ቀኑ ሳይቀር፦ “አንድ ባና። ስለ ዕዳ ከደንበኛ ለተረከብነው ቤት ጥበቃ።” ከታች የሒሳብ ያዧ ፊርማ አለበት።

ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ እንደ መናደድም አደረገኝ። አንድ ባና ሲገዛ ደረሰኝ ተቆርጧል። እኔ ቤት ሙሉ ሰጥቼ ብጫቂ ወረቀት አልያዝኩም። የጠየቀኝም የለም፣ የጠየቅሁትም የለም።

“ሐጂ፣ ይህን ጥራዝ ያውሱኝ።”

“አይሆንም። የግብር ሰዎች ቢመጡ ምን አሳያለሁ? ጥራዙን አላውስሽም፤ እኔና ጥራዙ አብረን እንመጣለን።”

በሳምንቱ መጡ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ላይ በሁለት ካፖርት ተጠቅልለው ሲወርዱ “እናንተ እዚህ የምትኖሩት ምን አጥፍታችሁ ነው?” አሉኝ። ቀጥታ ባንክ ገባን። የብድር ክፍሏ ልጅ ደረሰኙን አነበበች፣ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ እንደገና አነበበች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሒሳብ ክፍል ሄደች። ቆይታ ስትመለስ በእጇ የዚያኑ ደረሰኝ ዋና ቅጂ ይዛለች። ለሦስት ዓመት እነሱው ፋይል ውስጥ ተኝቶ ነበር።

“‘ስለ ዕዳ የተረከብነው’ ይላል” አለች ቀስ ብላ።

“ይላል” አሉ ሐጂ። “የባናው ጥራትም አልተጻፈም እንጂ አንደኛ ነበር።”

አቤቱታውን እሷ እየነገረችኝ እኔ በእጄ ጻፍኩ። ፊደሌ ትልልቅ ስለሆነ ሦስት ገጽ ፈጀ። ሕግ ክፍሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ መልሱ ቶሎ አልመጣም። በየማክሰኞው ሄጄ ባንኩ ውስጥ እቀመጥ ጀመር። አልጮህኩም፣ አልለመንኩም። መቀመጫው ላይ ቁጭ ብዬ እያየኋቸው እውላለሁ። በአራተኛው ማክሰኞ በር ላይ ያለው ፈታሽ “እማማ፣ ለእርስዎም የሥራ መታወቂያ ይሠራልዎት እንዴ?” አለኝ። “ደመወዝ ካለው ይሠራልኝ” አልኩት።

ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ልጅቷ ራሷ ደወለችልኝ። ባንኩ ቁልፉን ከተቀበለበት ቀን በኋላ የተቆጠረውን ወለድና ቅጣት ሰርዟል። እሱ ሲሰረዝ የቤቱ ሽያጭ ዕዳውን ሸፍኖ ጥቂት ተርፏል፤ እሱንም መለሱልኝ። ብዙ አይደለም፤ ግን ቆጥሬ ነው የተቀበልኩት። ከዚያ መዝገቡን አሳይኝ አልኳት። ቀዩ የለም። “ብድሩ ተዘግቷል። በመያዣ ቤት ሽያጭ የተከፈለ” ይላል። ከሥሩ ያልከፈልኩባቸው አራት ወሮች ተዘርዝረዋል።

“እነዚህን ማጥፋት አልችልም” አለችኝ፣ ልቆጣት መስሏት ፈርታ። “በመያዣ ሽያጭ የሚለውም እንዳለ ይቀራል። ለጥቂት ዓመታት ብድር በጠየቁ ቁጥር ያዩታል። ያልተከፈለ ዕዳ እንደመኖር አይከብድም፤ ግን ይጠይቁዎታል፣ አንዳንዱም እምቢ ይልዎታል።”

“አራቱ ወር የእኔ ነው፤ ይቀመጥ። ስምንቱ ነው የእኔ ያልነበረው።”

ያንን ወረቀት አሳትሜ ወደ አነስተኛ ብድር ቢሮው ሮጥኩ፤ በጀቱ ሊዘጋ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። ልጁ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። “ጥሩ ነው፣ እማማ፤ ማኅበሩን የሚያግደው ነገር ተነሥቷል። ግን በእኛ ደንብ ቤቱ በመያዣ የተሸጠበት ሰው ራሱ ተበዳሪ ሆኖ ለመፈረም የተወሰነ ጊዜ መቆየት አለበት። እርስዎ አባል ሆነው ይቆያሉ፤ ብድሩን ግን አራቱ ናቸው የሚፈርሙት። ወይም ማኅበሩ እርስዎን መጠበቅ ይችላል።”

በዚያው ቀን ከሰዓት ኬሻዎቹ ላይ ተቀምጠን ተሰበሰብን። ወረቀቱን ሰጠኋቸውና እየተቀባበሉ አነበቡት። ታናሺቱ ፈታይ ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም።

“እትዬ፣ አንቺን እንጠብቅ” አለች። “የፈለገው ዓመት ይፍጅ። በዚያን ጊዜ ያልኩሽን…”

“ዝም በይ። ትከሻሽን አይቼዋለሁ፤ ሌላ ክረምት በእጅ አይነድፍም።”

“አይ፣ ፍትሕ አይደለም። ሮጠሽ ያስተካከልሽው አንቺ፣ የምንፈርመው እኛ?”

“ፍትሕማ ነው” አልኳት። “ያኔ ስምሽን አውጪ ስትዪኝ እምቢ ያልኩት የተጻፈብኝ ሐሰት ስለነበረ ነው። ይሄ የተጻፈው እውነት ነው። ተበድሬያለሁ፣ ዘግይቻለሁ፣ ቤቴ ተሸጧል። ጊዜዬን እቆያለሁ። ነገ ሄዳችሁ ፈርሙ። እዚህ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን አንድ ነገር ይጻፍ፤ ያልፈረምኩት ዕዳ ስላለብኝ ሳይሆን የቢሮው ደንብ ስለማይፈቅድ እንደሆነ። በግልጽ ይጻፍ።”

ከአራቱ አንዷ የሆነችው ጸሐፊያችን ጻፈች። እንድታነበው አደረግኋት፤ አንድ ቃል አስቀየርኳት፤ እንደገና አነበበች። ሁሉም ፈረሙበት፤ በእሱ ላይ እኔም ፈረምኩ።

በማግስቱ እነሱ ሲፈርሙ እኔ ከቢሮው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ውስጥ ያለውን ድምፅ እሰማለሁ፤ ታናሺቱ ያለቦታው ስለፈረመች ቅጹ ተበላሽቶ ሌላ ሲያመጡላት ሰማሁ። ደስ ብሎኝ ነበር ብል እዋሻለሁ። ከእኔ በታች ጠጉር የሚያውቁ ሴቶች በማኅበሬ ብድር ላይ ሲፈርሙ እኔ ውጭ ነኝ። ግን ማንም አላስወጣኝም። ከባንኳ ልጅ ጋር ሆኜ የቁጠባ ደብተር ከፍቻለሁ፤ የተመለሰልኝን ገንዘብ እዚያ አስገብቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ከማኅበሩ ድርሻዬ በየወሩ እጨምርበታለሁ። የሚቀጥለው ማሽን ሲገዛ የመጀመሪያዋ ፈራሚ እኔ ነኝ።

ሲወጡ ገና ደረጃው ላይ ሳሉ ጭቅጭቅ ጀመሩ፤ ማሽኑ የት ይቁም? ሦስቱ ከውስጠኛው ግድግዳ አጠገብ፣ ዝናብ እንዳያገኘው አሉ። ጸሐፊዋ መካከል ላይ ይሁን አለች። እኔ ከበሩ አጠገብ አልኩ፤ የጠጉሩ ብናኝ መውጫ ካጣ በወሩ ሁላችንም ሳል በሳል እንሆናለን። መንገዱን ሁሉ ተከራከሩኝ። ሥራ ቦታችን እንደደረስን መጥረጊያ አንሥቼ የበሩን ጥግ መጥረግ ጀመርኩ፤ ታናሺቱም ኬሻዎቹን ከዚያ እየጎተተች ታነሣ ጀመር።